የሚድጋርዱ ዘንዶ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ለአንዲት ጀማሪ ደራሲ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአማርኛ የምናብ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርዬ ከኖርስ (ከጥንት ሰሜን አውሮፓ) አፈ ታሪክ የመጣው ግዙፉ ዘንዶ ዮርሙንጋንድ፣ የሚድጋርዱ (የሰዎች ምድር) ዘንዶ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ያወቅኩት «ጎድ ኦፍ ዋር» ከሚባለው ጌም ነው። በእኔ ታሪክ ዘንዶው ጥበበኛ ነው፤ ይናገራል፤ ከአንዲት ዓሣ አጥማጅ ልጅ ጋር ይወዳጃል። መጨረሻ ላይ ጀግናው ይገድለውና ዓለም ይድናል። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን አልተስማሙም። አንዱ «ኦሪጅናሉን አበላሸሽው፣ እባብ እኮ ክፉ ነው» አለኝ። ሌላዋ «ይሄማ የኛው አርዌ ነው፣ ለምን ከሩቅ ታመጪዋለሽ» አለችኝ። ማናቸው ናቸው ልክ? ምን ያህልስ መቀየር እችላለሁ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ልቦለድ የሚሞክር ሰው ሲገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ዘንዶሽ መናገሩ አያስጨንቀኝም። ጥበበኛ መሆኑም እንደዚያው። ያሳሰበኝ «ይገድለውና ዓለም ይድናል» ያልሽው ነው። በጥንቱ ትረካ ይህን ዘንዶ የሚገድለው ባለመዶሻው የነጎድጓድ አምላክ ቶር ነው። ገድሎት ዘጠኝ እርምጃ ይራመዳል። ከዚያ በዘንዶው መርዝ ወድቆ ይሞታል። ምድርም ራግናሮክ በሚባለው በዚያው የፍጻሜ ጦርነት ተቃጥላ ባሕር ውስጥ ትሰጥማለች። እዚህ ላይ ዘንዶውን በመግደል የዳነ ማንም የለም። ከምንጩ ያራቀሽ እንግዲህ ይሄ ነው። ዘንዶውን ደግ ስላደረግሽው አልተበላሸም። ሞቱን ግን በጣም አቅልለሽዋል።

አሁን ምንጩ ምን እንደሚል እንይ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ዮርሙንጋንድ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአይስላንድ ነው። ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል የአገሩ ሹምና ባለቅኔ (1179–1241) በ1220 አካባቢ «ኤዳ» የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ። አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል። ስኖሪ ራሱም ክርስቲያን ነው። የጥንቶቹን አማልክት ታሪክ የጻፈው ሊያመልካቸው አይደለም። ወጣት ገጣሚዎች የአባቶቻቸውን ግጥም መፍታት እንዳያቅታቸው ብሎ ነው። ያ ግጥም ነገሩን በስሙ አይጠራም፤ ዙሪያውን ይሄድበታል። ታሪኩን ካላወቅሽ አንድ ስንኝ አይገባሽም። ቅኔ ሲፈታ ለሰማ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ከስኖሪ ሌላ «የግጥም ኤዳ» የምንለው የጥንት ግጥሞች ስብስብ አለ። ዋናው የብራና ቅጂ በ1270ዎቹ አካባቢ የተጻፈ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከአማልክቱ ጋር የሚኖረው ተንኮለኛው ሎኪ አንግርቦዳ ከምትባል ከግዙፋኑ ወገን ከሆነች ሴት ሦስት ልጆች ወለደ። ተኩላው ፌንሪር፣ ዘንዶው ዮርሙንጋንድ፣ ሴት ልጁ ሄል። አማልክቱ ከእነዚህ ልጆች ትልቅ ጥፋት እንደሚመጣባቸው በትንቢት ሰሙ። የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ልጆቹን አስመጣቸው። ዘንዶውን ምድርን ሁሉ ወደከበበው ጥልቅ ባሕር ወረወረው። እዚያ አደገ። አድጎ አድጎ ምድርን ዞረና የራሱን ጭራ ነከሰ።

ልብ በይ፣ ዘንዶው እስከዚህ ድረስ ምንም አላደረገም። አልነከሰም፣ አልገደለም። የተወረወረው ሊያደርግ ይችላል ተብሎ ነው። «እባብ ክፉ ነው» ለሚለው ጓደኛሽ የምትመልሺው አንዱ ነገር ይሄ ነው። እኛ ስለ እባብ ስንሰማ ቀድሞ የሚመጣብን የኤደን ገነቱ ነው፤ አሳሳቹ፣ ተናጋሪው። ያንን ወስደን ሰሜን ባሕር ውስጥ እንጨምረዋለን። የሰሜኑ ዘንዶ ግን ማንንም አያሳስትም። ማንንም አያናግርም።

ሁለቱን ወንድምና እህት ከእሱ ጋር አስተያዪያቸው። ፌንሪር በአማልክቱ መካከል ነው ያደገው። በቀጭኗ ማሰሪያ ሊያስሩት ሲሉ ይጠራጠራል፣ ይከራከራል፣ አንዳችሁ እጃችሁን አፌ ውስጥ ለመያዣ አስገቡ ይላል። ቲር የሚባለው አምላክ እጁን ያስገባል፤ ያጣታልም። ሄል የሙታን አገር ተሰጣት። የኦዲን ልጅ ባልደር ሲሞት መልሺልን ብለው መልእክተኛ ሲልኩባት ተደራድራለች። በዓለም ያለ ነገር ሁሉ ካለቀሰለት እለቀዋለሁ ብላለች። ዮርሙንጋንድ ግን አገር አልተሰጠውም፤ ያሳደገው ሰው የለም፤ ለድርድር የላከበትም የለም። በደረሱን ምንጮች ሁሉ አንዲት ቃል አይናገርም።

ለእኔ የዚህ ፍጡር ትልቁ ሀብቱ ይህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ልታናግሪው ስትነሺ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ዝምታ እየሰበርሽ መሆኑን እወቂ። አትስበሪው አልልም። ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ «ደህና አደርሽ ልጄ» ብሎ እንዲጀምር አታድርጊ። አንባቢው ድምፁን ይጠብቅ። ይናፍቀው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ብትቆጥሪው አንድ ገጽ ባይሞላ ደስ ይለኛል።

ያነሳሽው ጌም ይሄንን በደንብ ነው የተረዳው። በ2018 የወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር» ዘንዶውን አናግሮታል። ቋንቋው ግን ማንም የማያውቀው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ዝግ ያለ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። የጌሙ ጀግና ክራቶስም ልጁ አትሬየስም መጀመሪያ አንድ ነገር አይገባቸውም። የሚያስተረጉሙት አብሯቸው በሚጓዘው ጥበበኛ በሚሚር ነው። ተጫዋቹም እንደነሱ ቆሞ ያዳምጣል። ይናገራል ግን አይገባም። ዝምታውን ሳያፈርሱ ድምፅ ሰጡት ማለት ነው።

ሌላው የጌሙ ድፍረት ጊዜን መገልበጡ ነው። በራግናሮክ ጦርነት ቶር ዘንዶውን ሲመታው፣ ከምቱ ኃይል የተነሳ ዘንዶው ወደ ኋላ፣ ገና ወዳልተወለደበት ዘመን ይወረወራል ይላሉ። ስለዚህ አባቱ የሚሆነው አትሬየስ (በጌሙ ሎኪ እሱ ነው) ገና ልጅ እያለ እሱ ሐይቅ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። በ2022 የወጣው ተከታይ ደግሞ የአንድ ግዙፍ ነፍስ እባብ ውስጥ ገብታ ዘንዶው እንዴት እንደጀመረ ያሳያል። ከስኖሪ ጋር ስታነጻጽሪው ለውጡ ትልቅ ነው። ግን ሦስት አጥንት አልነኩም። ከሎኪ ጋር ያለው ዝምድና እንዳለ ነው። ከቶር ጋር ያለው ጠብ እንዳለ ነው። ግዝፈቱም እንዳለ ነው። ምን ያህል ልቀይር ላልሽው የእኔ መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አጥንቱን ለይተሽ እወቂ፤ ከዚያ ሥጋውን እንደፈለግሽ።

እኔ ብሆን ከሦስቱ ላይ አራተኛ አጥንት እጨምራለሁ፦ ዘንዶው የዓለም ዳርቻ ነው። ከግጥሞቹ አንዱ «የምድር ሁሉ መቀነት» ይለዋል። መቀነት ደግሞ ያስራል፣ ይይዛል። ብዙ የዘመኑ ልቦለድ የሚስተው እዚህ ነው። ዘንዶውን ትልቅ አውሬ አድርጎ ያየዋል፤ ጀግናው የሚለካበት የመጨረሻው ጠላት። እንዲህ ከሆነ ከሌላ ከማንኛውም ትልቅ አውሬ ጋር ብትለውጪው ታሪኩ አይናጋም። ያንቺን ረቂቅ በዚህ ፈትኚው። ዘንዶውን አውጥተሽ በቦታው ትልቅ ዓሣ ብታስገቢ ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድል ከሆነ ዮርሙንጋንድ ገና ታሪክሽ ውስጥ አልገባም።

በነገራችን ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ በየቦታው «ጭራውን የለቀቀ ዕለት ራግናሮክ ይጀምራል» ሲባል ታያለሽ። ስኖሪ ይህን አይልም። እሱ የሚለው ዘንዶው ተቆጥቶ ወደ የብስ ሲወጣ ባሕሩ አብሮት ምድርን ያጥለቀልቃል ነው። አየሩንና ባሕሩን በመርዝ ይሞላል፤ ከጎኑ ወንድሙ ፌንሪር አለ። ጭራ መልቀቅ የሚለው የኋላ ሰዎች ጨዋታ ነው። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ከፈለግሽ ተጠቀሚበት። «ጥንታዊው ትንቢት እንዲህ ይላል» ብለሽ ማስታወሻ ግን አታስገቢ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ዓሣ አጥማጅ ልጅ አለችሽ ብለሻል። ይህን ስትጽፊ ታሪኩን አውቀሽው ይሁን ሳታውቂው አልገባኝም፤ ግን ትክክለኛው በር ላይ ነው የቆምሽው። የዘንዶው ትልቁ ትዕይንት የዓሣ ማጥመድ ትዕይንት ነው።

ቶር ወጣት ልጅ መስሎ ሂሚር ወደሚባል ግዙፍ ቤት ይመጣል። ያድራል። ጠዋት ሂሚር ለማጥመድ ሲነሳ እኔም ልምጣ ይላል። ሂሚር ይንቀዋል፤ እኔ የምሄድበት ሩቅ ነው፣ አንተ ትንሽ ልጅ ነህ፣ ብርዱን አትችለውም ይለዋል። ለመንጠቆው የሚሆን ነገር ሲጠይቀው ራስህ ፈልግ ይለዋል። ቶር ወደ መንጋው ይሄድና የትልቁን በሬ ጭንቅላት ገንጥሎ ይመለሳል። ይቀዝፋሉ። ሂሚር ሁልጊዜ የሚያጠምድበት ቦታ ሲደርሱ በቃ ይላል። ቶር ይቀጥላል። ትንሽ እንደሄዱ ሂሚር ከዚህ በላይ ዘንዶው ያሰጋል ብሎ ያስጠነቅቃል። ቶር አሁንም ይቀዝፋል።

የበሬው ጭንቅላት ወደ ታች ይወርዳል። ዘንዶው ይጎርሰዋል። መንጠቆው ላንቃው ላይ ይሰካል። ሲደነግጥ ገመዱን በኃይል ይጎትተውና የቶር ሁለቱም ጡጫዎች ከጀልባው ጠርዝ ጋር ይላተማሉ። ቶር ይናደዳል። ኃይሉን ሁሉ አሰባስቦ ሲረግጥ እግሮቹ የጀልባውን ወለል በስተው ያልፋሉ። የባሕሩን መሬት ረግጦ ይቆማል። እንደዚያ ሆኖ ዘንዶውን ወደ ጀልባው ጠርዝ ይስበዋል። ስኖሪ እዚህ ጋ ትረካውን ገታ ያደርጋል። ቶር ዓይኑን ዘንዶው ላይ ሲተክል፣ ዘንዶውም ከታች ሽቅብ እያየው መርዝ ሲተፋ ያላየ ሰው አስፈሪ ነገር አየሁ አይበል ይላል።

ሂሚር ነጥቷል። ውኃው እየገባ ነው። ቶር መዶሻውን ከፍ ሲያደርግ ሂሚር ቢላዋውን በዳበሳ ያገኝና ገመዱን ጠርዙ ላይ ይቆርጠዋል። ዘንዶው ይሰጥማል። ቶር መዶሻውን ከኋላው ይወረውርበታል። ከዚያ ዞሮ ሂሚርን ጆሮ ግንዱን ይለውና ከጀልባው ይጥለዋል። እሱ በእግሩ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ የብስ ይወጣል።

መዶሻው አገኘው ወይስ ሳተው? ጓደኛሽ «ኦሪጅናል» የሚለው ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ስኖሪ ራሱ ሁለት ወሬ ያቀርባል። አንዳንዶች ጭንቅላቱን ቆርጦታል ይላሉ፤ እኔ ግን ዘንዶው አሁንም በሕይወት አለ፣ ባሕሩ ውስጥ ተኝቷል ብዬ አምናለሁ የሚል ቃል በተራኪው አፍ ያስገባል። ከስኖሪ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ኡልፍ ኡጋሶን የሚባል ገጣሚ ነበር። የአንድ የአይስላንድ ባለጸጋ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተቀረጹትን ሥዕሎች በግጥም ሲያወድስ፣ ቶር የዘንዶውን ራስ እዚያው ማዕበሉ ላይ ቆረጠው ብሏል። ስዊድን ውስጥ አልቱና በሚባል ቦታ ደግሞ ከ11ኛው መቶ ዓመት የቀረ የሩን ድንጋይ (በጥንቱ የሰሜን ፊደል የተጻፈበት) አለ። እዚያ ላይ ቶር አንድ እጁ ላይ መዶሻ፣ አንዱ ላይ ገመድ ይዞ ይታያል፤ እግሩ ከጀልባው በታች ወጥቷል። ሂሚር ግን የለም። ድንጋዩ ጠባብ ስለሆነ ይሁን ቀራጩ የሰማው ታሪክ ሌላ ስለሆነ፣ ገመዱን የሚቆርጥ ሰው እዚያ ጀልባ ላይ አልተቀመጠም።

ስለዚህ ዘንዶው ገና ከጥንት ጀምሮ አንዱ ሲገድለው ሌላው ሲያድነው የኖረ ነው። አንቺም ከእነሱ ተርታ ነሽ። ፈቃድ ከማንም መጠየቅ የለብሽም።

ልጅቷን ግን ደግመሽ አስቢባት። ዘንዶውን ያዳነው ማነው? ቢላዋ የያዘው ዓሣ አጥማጅ ነው። ምንጮቹ ሂሚርን ፈሪ ያደርጉታል። እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጀልባው የእሱ ነው። በሬው የእሱ ነበር። ባሕሩን ከቶር ይልቅ ያውቀዋል፤ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገመዱን ሲቆርጥ ፍርሃት ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል። ያንቺ ልጅ የሂሚርን ቦታ ብትይዝስ? ከዘንዶው ጋር መወዳጀቷ ያኔ ትርጉም ያገኛል። አሁን ባለው ረቂቅሽ ወዳጁ ናት፣ ጀግናው ሲገድለው ግን ቆማ ታያለች። ለምን ትቆማለች? እጇ ላይ ቢላዋ አለ እኮ።

ስለ ግዝፈት አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት ነውና። ዘንዶውን ሙሉውን አታሳዪ። ማንም አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም። ምንጮቹ ይህን ያውቃሉ። ቶር ኡትጋርድ ሎኪ በሚባል የግዙፋን ንጉሥ (ከዘንዶው አባት ከሎኪ ሌላ ነው) አዳራሽ ውስጥ ግራጫ ድመት አንሳ ሲባል የሆነውን አስታውሺ። ይጎትታል፣ ድመቷ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ በመጨረሻ አንድ እግሯ ብቻ ከመሬት ትነሳለች። አዳራሹ ይስቅበታል። በማግስቱ ከበር ሲወጡ ነው እውነቱ የሚነገረው። ድመቷ የሚድጋርዱ ዘንዶ ነበረች። ያቺ አንድ እግር ስትነሳ ያዩ ሁሉ ደንግጠው ነበር። መሬት መያዣው ሊለቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ግዝፈትን እንዲህ በትንሽ ነገር ማሳየት ይቻላል፤ ስንት ክንድ ነው ብሎ ከመቁጠር ይበልጣል።

ቁጥር ከወደድሽ ግን አንድ የሚገርም ስሌት አለ። የጥንቶቹ ምድር እንደኛ በኪሎ ሜትር የተለካች አልነበረችም። የዛሬዋን ምድር ብንወስድ ግን ወገቧ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰው አካል ውስጥ ፈጣን የሚባለው የነርቭ መልእክት በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ከዘንዶው ጭራ ተነስቶ አንጎሉ ለመድረስ 400,000 ሰከንድ ይፈጃል። ከአራት ቀን ተኩል በላይ ማለት ነው። ጭራው ደግሞ አፉ ውስጥ ነው! ዛሬ ቢነክሰው መነከሱ የሚሰማው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከዚህ ስንት ትዕይንት ይወጣል። ልጅቷ አንድ ቀን ጎኑን ትነካዋለች። ምንም አይንቀሳቀስም። ረስታው ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ይናወጣል። እንዲህ ያለ ፍጡር እንደኛ ቶሎ ቶሎ አይመልስም። ጥያቄ ጠይቃው መልሱን በሌላ ምዕራፍ ብትሰማ እኔ አንባቢው በደስታ እጠብቃለሁ።

ወደ አርዌ እንሂድ። ጓደኛሽ ያለችው የሚናቅ አይደለም፤ ግን አንድ አይደሉም።

በእኛ ትውፊት አርዌ ንጉሥ ነው። ሕዝብ ይገዛል፣ ግብር ይበላል። ከብት ያቀርቡለታል፣ ሴት ልጆች ያቀርቡለታል። አንጋቦ የሚባለው ሰው መርዝ በበላች ፍየል አድርጎ ይገድለዋል፤ በምትኩም ይነግሣል። ከዚያ ወገን ማክዳ ትወለዳለች። ታሪኩ በየአካባቢው ይለያያል፤ አካሄዱ ግን በብዛት ይሄው ነው። አርዌ ሲሞት ሥርዓት ይጀምራል። አገር ይቀናል። ዮርሙንጋንድ ግን ማንንም አይገዛም። የሚጠይቀው ግብር የለም፤ ደጁ ላይ የታሰረች ልጅ የለችም። እሱ ሲሞት ሥርዓቱ አብሮ ያልቃል። መርዙ እንኳን የተገለባበጠ ነው። በአርዌ ታሪክ ሰው ዘንዶውን በመርዝ ይገድላል፤ በቶር ታሪክ ዘንዶው ገዳዩን በመርዝ ይገድላል።

ያንቺ ረቂቅ ችግር አሁን ግልጽ የሚሆንልሽ ይመስለኛል። ዘንዶሽን ከሰሜን አመጣሽው፣ መጨረሻውን ግን ሳታውቂው ከአርዌ ወሰድሽው። «ይገድለውና ዓለም ይድናል» የአርዌ መጨረሻ ነው። ከልጅነታችን የሰማነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስም ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ የሚያሳየን እሱን ነውና እጃችን ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። ሁለቱን ማገናኘት ከፈለግሽ አውቀሽ አገናኚያቸው። ለምሳሌ ጀግናው በአርዌ ታሪክ ያደገ ሰው ይሁን። ዘንዶ ሁሉ ግብር በላ ይመስለዋል። ልጅቷ ደግሞ ይህኛው ሌላ መሆኑን ታውቃለች። ግጭቱ እዚያው ይፈጠርልሻል።

ለዮርሙንጋንድ ከአርዌ ይልቅ የሚቀርበው ሌዋታን ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ ከውኃ ምንጮች በላይ ታድራለች፤ ብሔሞት ደግሞ ከእሷ ተለይቶ በምድረ በዳ ነው። መጽሐፈ ኢዮብም ሌዋታንን በመንጠቆ ማውጣት ይቻልሃልን ብሎ ይጠይቃል። መንጠቆ! የመካከለኛው ዘመን ክርስቲያኖች ይህን ጥቅስ ይዘው ክርስቶስ ሌዋታንን በመንጠቆ እንደያዘ አድርገው ያስተምሩ ነበር። የቶርን ማጥመድ የሚያሳይ አንድ የ10ኛው መቶ ዓመት ድንጋይ እንግሊዝ ውስጥ፣ ጎስፎርዝ በሚባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያየ ሰው እዚያ እንደነበረ ብዙ አጥኚዎች ያስባሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ ድልድይ ከፈለግሽ እዚያ ፈልጊው። ቋንቋውም ይጠቅምሻል። ዘንዶው ሲናገር ምን ዓይነት አማርኛ ይናገር ብለሽ ከተጨነቅሽ፣ የአሮጌ መጽሐፍ ጠረን ያለው፣ ግዕዝ የነካካው፣ አጭር አጭር አማርኛ ይስማማዋል።

ጣና ላስቀምጠው ብለሽ ካሰብሽ ግን አልመክርሽም። ጣና ውብ ነው፣ ግን ዳርቻው ይታያል። ማዶ ሰው አለ። ይህ ዘንዶ ማዶ የሌለው ውኃ ነው የሚፈልገው።

አሁን መጨረሻውን ምን ታድርጊው? ሁለት መንገድ ይታየኛል።

አንደኛው የቢላዋው ነው። ልጅቷ ገመዱን ትቆርጣለች። ዘንዶው ይሰጥማል፤ ጀግናው ይናደዳል፤ ዓለም አልዳነም፣ አልጠፋምም። ቀኑ ተራዘመ ብቻ። ከዚያ የሚቀጥለው ሕይወት ነው የሚጻፈው፦ መንደሩ ምን ይላታል? ትልቁን ጠላት ያስመለጠች ልጅ ተብላ ስንት ዓመት ትኖራለች? ይሄ ሂሚርን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የሚከብደው ነው። ይሙት። ግን ዋጋው ይከፈል። ገዳዩ ዘጠኙን እርምጃ ይራመድ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፊው፣ አትዝለዪው። ባሕሩም ይምጣ። ከዚያ ብዙ ሰው ልብ የማይለውን የጥንቱን ግጥም መጨረሻ አንብቢ። ምድር እንደገና ለምልማ ከባሕር ትወጣለች። የተረፉት አማልክት ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ተቀምጠው ከሚያወሩት ነገር አንዱ ስለዚያ ዘንዶ ነው። የቶርን ገዳይ እያነሱ ነው። ምን እንዳሉ ግን ግጥሙ አልጻፈውም። ያንን ንግግር አንቺ ጻፊው፤ ልጅቷም መሃላቸው ትቀመጥ፣ እሱን በሕይወት እያለ የሰማችው እሷ ብቻ ናትና። ረቂቁ ሲያልቅ ብትልኪልኝ አነበዋለሁ።